ምርት ጨመረ ሲባል፦ በምን ተለክቶ?

ወደ አገር ቤት ደውለን «ዘንድሮ እህሉ እንዴት ነው?» ስንል «ተመስገን፣ ጥሩ ነው» እንባላለን። ለቤተሰብ ወግ ይህ ይበቃል። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለየትኛው ወረዳ ይድረስ፣ ስንት ስንዴስ ከውጭ ይገዛ ብሎ ለሚወስን ግን አይበቃም። ቁጥሩ ከተሳሳተ ማዳበሪያውን በብድር የወሰደው ገበሬ ዕዳ ይዞ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። ገበሬው ማሳውን በጥማድ፣ ምርቱን በጆንያ ይገምታል፤ ጥማድ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በዕጣ ከተመረጠ ማሳ ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ እንደገና በዕጣ ይከልላሉ። በውስጡ ያለው ሰብል ታጭዶና ተወቅቶ ይመዘናል። 16 ካሬ ሜትር የአንድ ሄክታር 625ኛ እጅ ስለሆነ፣ 4 ኪሎ ስንዴ ከተገኘ በሄክታር 2,500 ኪሎ ወይም 25 ኩንታል ማለት ነው። በሚዛን ላይ የ200 ግራም ስህተት ግን ግምቱን በ1.25 ኩንታል ያዛባዋል። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች የሚሄድ ስህተት ብዙ ማሳ ሲለካ ይቻቻላል፤ ሁልጊዜ አብዝቶ የሚመዝን ሚዛን ግን በናሙና ብዛት አይታረምም።

ሁለተኛው ማነጻጸር ነው። ለምሳሌ አርሲ ውስጥ አንድ ወረዳ አዲስ የስንዴ ዘር ደርሶት ምርቱ በሄክታር ከ25 ወደ 32 ኩንታል አደገ እንበል። ጭማሪው ሁሉ የዘሩ ነው ወይስ ዝናቡም አለበት? ዘሩ ያልደረሰው ጎረቤት ወረዳ በዚያው ዓመት ከ24 ወደ 28 ካደገ፣ ከ7ቱ ኩንታል 4ቱ ያለ ዘሩም ይመጡ ነበር፤ የዘሩ ድርሻ 3 ነው። ይህ ስሌት የሚያስተማምነው ሁለቱ ወረዳዎች ቀድሞም አብረው ከፍና ዝቅ ይሉ ከነበረ ነው። ዘሩ ቀድሞውንም እያደጉ ላሉ ወረዳዎች ብቻ ተመርጦ ከተሰጠ የእነሱ ጉብዝና የዘሩ ውጤት መስሎ ይታያል።

ሦስተኛው አካባቢዎችን አንድ ላይ መደመር ነው። አንዱ ዞን በ10,000 ሄክታር ላይ 30 ኩንታል፣ ሌላው በ40,000 ሄክታር ላይ 15 ኩንታል በሄክታር ቢያገኙ፣ አማካዩ 22.5 አይደለም። መሬቱ ሲታሰብ 18 ነው።

እንግዲህ «ምርት በዚህን ያህል በመቶ አደገ» የሚል ሪፖርት ለመመረቂያ ጽሑፋችን ከመጥቀሳችን በፊት እንጠይቅ፦ በምን ተለካ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ስንት ሄክታር ላይ? መልሱ ሪፖርቱ ውስጥ ከሌለ፣ በእጃችን ያለው የስልኩ «ተመስገን» ነው።