የፌዴራል መንግሥት አስፈጻሚ አካል፦ አደረጃጀቱ፣ የሥልጣኑ ምንጭና ተጠያቂነቱ

አንድ ዜጋ ፓስፖርት ለማውጣት ወይም ከውጭ ላስገባው ዕቃ ቀረጥ ለመክፈል ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲሄድ ጉዳዩን የሚመለከትለት ሠራተኛ የሚወስነው በግል ፈቃዱ አይደለም። የሚሠራበት ሥልጣን ከሕገ መንግሥቱ ተነሥቶ፣ በአዋጅ፣ በደንብና በመመሪያ በኩል ደረጃ በደረጃ ወደ እርሱ የወረደ ነው። ይህን ሰንሰለት ማወቅ ተገልጋዩ መብቱን በአግባቡ እንዲጠይቅ ያስችለዋል።

ርእሰ ብሔርና ርእሰ መስተዳድር

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ፓርላሜንታዊ የመንግሥት ሥርዓትን ይደነግጋል። ፕሬዚዳንቱ ርእሰ ብሔር ሲሆን፣ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ ለስድስት ዓመት ይመርጡታል። የምክር ቤቶቹን ዓመታዊ የሥራ ዘመን ይከፍታል፤ በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት አምባሳደሮችን ይሾማል፤ በሕግ መሠረት ይቅርታ ያደርጋል። የጸደቀን ሕግ የሚፈርመውም እርሱ ነው፤ ሆኖም በ15 ቀናት ውስጥ ባይፈርም ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል።

ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን የተሰጠው ለጠቅላይ ሚኒስትሩና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው (አንቀጽ 72)። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ርእሰ መስተዳድር፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰብሳቢና የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው። የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል በመሆኑ ሥልጣኑ በመጨረሻ የሚያርፈው መራጩ ሕዝብ በሰጠው ድምፅ ላይ ነው።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት

ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ ሚኒስትሮችንና በሕግ የሚወሰኑ ሌሎች አባላትን ያቀፈ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩ ሚኒስትሮችን ከሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ወይም ለሥራው ብቃት ካላቸው ሌሎች ሰዎች መርጦ ያቀርባል፤ ሹመቱ የሚጸናው ግን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲጸድቅ ነው። የምክር ቤቱ አባላት በጋራ ለሚሰጡት ውሳኔ የጋራ ኃላፊነት አለባቸው።

ከምክር ቤቱ ዋና ዋና ተግባራት መካከል የሚከተሉት ይገኙበታል፦

• የፌዴራል መንግሥቱን ዓመታዊ በጀት ማዘጋጀትና ሲጸድቅም ሥራ ላይ ማዋል፤
• የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የልማት ፖሊሲዎችን መንደፍና ማስፈጸም፤
• ረቂቅ ሕጎችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማቅረብ፤
• የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መደንገግ።

የመጨረሻው ሥልጣን ከባድ ስለሆነ በጥብቅ ገደብ ታጥሯል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊቀርብለት ይገባል፤ በሥራ ላይ ካልሆነ ደግሞ በ15 ቀናት ውስጥ። በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልጸደቀም ወዲያውኑ ይሻራል።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችና ተጠሪ ተቋማት

የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር የሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሲወጣ 22 ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን አቋቁሟል። ሚኒስቴሩ በዘርፉ ፖሊሲ ያመነጫል፣ ይመራል፣ ይከታተላል። ዝርዝር አገልግሎቱን ብዙ ጊዜ የሚሰጡት ተጠሪ ተቋማት ናቸው፤ ለምሳሌ የጉምሩክ ኮሚሽን በዚሁ አዋጅ ለገቢዎች ሚኒስቴር ተጠሪ ሆኗል።

ክልሎችም የየራሳቸው ርእሰ መስተዳድርና የአስፈጻሚ አካል አሏቸው። በመሆኑም የክልል ቢሮ በስሙ ከፌዴራል ሚኒስቴር ጋር ቢመሳሰልም የሚኒስቴሩ ቅርንጫፍ አይደለም፤ ተጠሪነቱ ለክልሉ መንግሥት ነው። ባለጉዳዮች ጉዳያቸው የትኛውን መንግሥት እንደሚመለከት አስቀድመው ቢያጣሩ ከእንግልት ይድናሉ።

አዋጅ፣ ደንብና መመሪያ

አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲሆን፣ ይህንም የሚያደርገው አዋጅ ሥልጣን ሲሰጠው ነው። መመሪያ ደግሞ በሕግ በተሰጠው ውክልና መሠረት መሥሪያ ቤቱ ያወጣዋል። የበታቹ ሕግ ከበላዩ ጋር ሊቃረን አይችልም።

ለተገልጋዩ ቅርብ የሆነው መመሪያው ነው። ቀድሞ አንዳንድ መመሪያዎች ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሳይወጡ ይቆዩ ስለነበር ባለጉዳዩ ያላየው ሕግ ይጠቀስበት ነበር። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለመለወጥ ወጥቷል። በአዋጁ ተለይተው ከተተዉት በስተቀር መሥሪያ ቤቶች ረቂቅ መመሪያቸውን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ፣ የጸደቀውን ማስመዝገብና በድረ ገጽ ይፋ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል።

ቁጥጥርና የዜጎች መብት

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅና አሠራራቸውን የመመርመር ሥልጣን አለው። ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ለምክር ቤቱ ሪፖርት ያቀርባል።

አስተዳደራዊ ውሳኔ ቅር ያሰኘው ሰውም የሚከተሉት መንገዶች ክፍት ናቸው፦

• ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ፤
• ቅሬታውን በቅድሚያ ለዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ አካል ማቅረብ፤
• የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል ሲል ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት፤
• ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት ውሳኔው በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲከለስ አቤቱታ ማቅረብ።

ስለዚህ ማንኛውም ባለጉዳይ «ይህ ውሳኔ በየትኛው ሕግ መሠረት ተሰጠ?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቆጠርበት አይገባም። የተሰጠው ሥልጣን በሕግ የታሰረ በመሆኑ መልሱን መስጠት የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው።