ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት ምስጢር

የኤሌክትሪክ ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፈነው ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ መሆኑ ይታወቃል። በመዳብ ውስጥ እንደልብ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች በፕላስቲክ ውስጥ በሞለኪውሉ ትስስር ተይዘው ይቀራሉ።

ይህን ግንዛቤ ለመለወጥ መነሻ የሆነው አንድ ስህተት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ጃፓናዊው ሂዴኪ ሺራካዋ በሚሠራበት ቤተ ሙከራ ፖሊአሴቲሊን የተባለ ፖሊመር ሲዘጋጅ፣ የኬሚካል ለውጡን የሚያፋጥነው ንጥረ ነገር ከሚገባው መጠን ሺህ እጥፍ ተጨመረ። የተገኘውም እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ ገጽ ነበር። ሆኖም መልኩ ብረት ይምሰል እንጂ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከብረት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ሺራካዋ በአሜሪካ ከአለን ማክዲያርሚድና ከአለን ሂገር ጋር በመሆን ይህንኑ ፖሊመር ለአዮዲን ትነት ሲያጋልጡት የማስተላለፍ አቅሙ 10 ሚሊዮን ጊዜ አደገ። ውጤቱንም በ1977 ይፋ አድርገዋል።

አዮዲኑ ከሞለኪውሉ ሰንሰለት ኤሌክትሮን ሲወስድ ክፍተት ይፈጠራል። በአጠገቡ ያለው ኤሌክትሮን ክፍተቱን ሲሞላ የራሱን ስፍራ ባዶ ይተዋል፤ ቀጣዩም እንዲሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ መደብ በውስጥ ዕድገት ሲሞላ ክፍቱ መደብ ወደ ታች እንደሚሸጋገር ማለት ነው። አስቸጋሪው ከአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው መሻገሩ ነው።

ሦስቱ ምሁራን በ2000 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። ፖሊአሴቲሊን ራሱ አየር ሲያገኘው ስለሚበላሽ ለአገልግሎት እምብዛም አልበቃም፤ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠሩ ሌሎች ፖሊመሮች ግን በፎቶግራፍ ፊልም ላይ የኤሌክትሪክ ሙል እንዳይጠራቀም ለመከላከል ውለዋል።