ዜድ ድራይቭ ለማን ይታያል?

ራቤል የግሼ ራቤል ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከመሐል ሜዳ ወደ ሰሜን ዘልቆ፣ ሰሜን ሸዋ ከደቡብ ወሎ በሚዋሰንበት ደጋ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ። እንዲህ ባለ የወረዳ ከተማ የበጀትና የወጪ ሂሳብ፣ የደመወዝ መዝገብ፣ የመሬት ይዞታ መረጃ ዛሬ በኮምፒውተር ይያዛል። የአንድ ገበሬ ይዞታ ወይም የአንዲት መምህርት የአገልግሎት ዘመን የተጻፈው በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ዲስኩ የሞተ ቀን የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ የመረጃው ቅጂ፣ በቢሮ አነጋገር ባክአፑ፣ ሌሊት ሌሊት በሌላ ክፍል ወዳለ ሌላ ኮምፒውተር መሄድ አለበት።

ይህን ሥራ ሰው ቁጭ ብሎ አይሠራውም። የሚሠራው ሰርቪስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ሰርቪስ ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ መስኮት አይከፍትም፤ ማንም ስሙንና ፓስወርዱን ባያስገባም ከጀርባ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። የመረጃ ቋቱ፣ ጸረ ቫይረሱ፣ የማተሚያው ወረፋ፣ የባክአፑ ፕሮግራም፣ ሁሉም እንዲህ ናቸው። መብራት ሄዶ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ቢሮው ተቆልፎ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ እንደተነሣ ሰው ሳይነካው ሥራ የሚጀምረው በእነርሱ ነው።

ግራ የሚያጋባው ነገር የሚጀምረው ቀን ላይ ነው። የአይሲቲ ባለሙያው የሌላውን ኮምፒውተር ፎልደር «ዜድ ድራይቭ» አድርጎ ማፕ ያደርገዋል፣ ማለትም የድራይቭ ፊደል ይሰጠዋል። ይከፍተዋል፣ ፋይል ይገለብጥበታል፣ እንከን የለውም። የባክአፑንም ፕሮግራም «ቅጂውን ዜድ ላይ አስቀምጥ» ብሎ አዝዞት ይሄዳል። ሌሊት ፕሮግራሙ ይነሣና ዜድን ይፈልጋል፤ ዜድ የለም። መልእክቱ «የተጠቀሰው መንገድ አልተገኘም» ይላል። ባለሙያው ጠዋት መጥቶ ሲያይ ዜድ እዚያው ቦታው ላይ ነው።

ፕሮግራሙም ባለሙያውም ትክክል ናቸው። በአገራችን በአንዳንድ አካባቢ ልማድ፣ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። በዚያ ቤት ሁሉ በዚያ ስም ትጠራለች፤ የትውልድ ቀዬዋ ሰው ግን በዚያ ስም ቢጠየቅ አያውቃትም። ዜድም ለፎልደሩ የወጣ የቤት ስም ነው። የሚታወቀው ስሙንና ፓስወርዱን አስገብቶ በገባው ሰው ቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰርቪሱ ደግሞ የሚኖረው ሌላ ቤት ነው።

ነገሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም። የድራይቭ ፊደሎች ሲፒኤም በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በኩል አልፈው እ.ኤ.አ. በ1981 በአይቢኤም ፒሲ ላይ ሲመጡ፣ ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ዲስክ፣ ቆይቶም ሲ ለሃርድ ዲስክ ሆኑ፤ ኮምፒውተሩም ተጠቃሚውም አንድ አንድ ስለነበሩ «የማን ፊደል?» የሚል ጥያቄ አልተነሣም። በዊንዶውስ 2000ም ቢሆን ማፕ የተደረገ ፊደል ለኮምፒውተሩ በሙሉ ይታይ ነበር፤ የቆዩ ባለሙያዎች «ድሮ ይሠራ ነበር» ሲሉ እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ኤክስፒ ብዙ ሰዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጊዜ ገብተው እንዲቆዩ ስለፈቀደ፣ ፊደሎቹን ለእያንዳንዱ መግቢያ ለየብቻ አደላቸው። ከዚያ በጥር 1999 ዓ.ም ቪስታ መጣ። አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ቪስታ የሚታወሰው ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ቅርጸ ፊደል ይዞ በመምጣቱ ነው፤ በዚያው እትም ግን ሰርቪሶች በሙሉ «ሴሽን ዜሮ» ወደሚባል፣ ሰው ወደማይገባበት የራሳቸው ክፍል ተዛወሩ። ምክንያቱ ደኅንነት ነበር፦ ተራ ተጠቃሚ የሚያስኬደው ክፉ ፕሮግራም ከፍተኛ ሥልጣን ያለውን ሰርቪስ በመስኮት መልእክት እንዳያታልለው። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ የዜድም መሰወር የመጣው ከዚሁ የመለያየት ሐሳብ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ስም ነው። ከባዱ ጉዳይ ግን ማንነት ነው፤ ብዙ ሰው ስሙን አስተካክሎ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሰርቪስ ሁሉ በአንድ አካውንት ስም ይሠራል። በብዛት የሚሰጠው ሎካል ሲስተም ነው። ሎካል ሲስተም በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ የማይነካው ፋይል የለም ማለት ይቻላል፤ ከአድሚኒስትሬተሩም በላይ ነው። ከኮምፒውተሩ ወጥቶ በኔትወርኩ ላይ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ግን የሚያሳየው የራሱ ፓስወርድ የለውም። መሥሪያ ቤቱ ዶሜይን፣ ማለትም አካውንቶች ሁሉ በአንድ ማዕከል የሚተዳደሩበት ኔትወርክ፣ ካለው ሎካል ሲስተም በኮምፒውተሩ ስም ራሱን ያስተዋውቃል፤ ያኔ ፎልደሩ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ፈቃድ መስጠት ይበቃል። ኔትወርክ ሰርቪስ የሚባለው አካውንትም እንዲሁ ያደርጋል። ሦስት አራት ኮምፒውተር በአንድ ስዊች በተያያዙበት፣ ዶሜይን በሌለበት ቢሮ ግን በር ላይ ስም የለሽ እንግዳ ሆኖ ይቆማል። ፎልደሩን «ለሁሉም» ብሎ መክፈትም አያድነውም፤ ከኤክስፒ ወዲህ ዊንዶውስ ስም የለሹን እንግዳ ከ«ሁሉም» አይቆጥረውም። ደግሞም የሕዝብን መዝገብ ለሁሉም ክፍት ማድረግ ሊታሰብ አይገባም።

እንግዲህ መፍትሔው። የመጀመሪያው፣ እኔም በማንኛውም ቢሮ የምመርጠው፣ ዜድን ጭራሽ መተው ነው። ለሰርቪሱ የፎልደሩን ሙሉ አድራሻ መስጠት፦ \\መዝገብ\ቅጂ ብሎ፣ ማለትም በሁለት ወደኋላ ባጋደሉ ሰረዞች ጀምሮ የኮምፒውተሩን ስም፣ ቀጥሎ ሼር የተደረገውን ፎልደር። ይህ አድራሻ የማንም የቤት ስም ስላልሆነ ሰው ገባም አልገባም ይሠራል። ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራምም ሆነ አብዛኛው የባክአፕ ፕሮግራም ይቀበለዋል። በኤስኪውኤል ሰርቨር የባክአፕ መስኮት ላይ ዜድን ፈልገው ላጡት ደግሞ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው ሰርቪሱ የሚያየውን እንጂ እርስዎ የሚያዩትን አይደለም።

ቀጥሎ ማንነቱ። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ስሙም ፓስወርዱም አንድ የሆነ አካውንት ይፈጠራል፤ ቅጂው በሚቀመጥበት ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ የባክአፑ ሰርቪስ ተከፍቶ፣ «ሎግ ኦን» በሚለው ገጽ ሰርቪሱ በዚያ አካውንት እንዲሠራ ይደረጋል። ዶሜይን በሌለበት ቢሮ ይህ አሮጌ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። አካውንቱ ግን የሠራተኛ መሆን የለበትም። በሠራተኛ ስም ከሆነ፣ ሠራተኛው ፓስወርዱን የለወጠ ዕለት ሰርቪሱ መነሣት ያቅተዋል፤ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሮ አካውንቱ የተዘጋ ዕለትም ባክአፑ አብሮት ይቆማል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተፈጠረ፣ ቅጂ ከሚወስድለት መረጃና ከዚያ ፎልደር ሌላ የትም የማይደርስ አካውንት ይሁን፤ ፓስወርዱም ታሽጎ በኃላፊው ካዝና ይቀመጥ።

ሙሉ አድራሻ የማይቀበሉ፣ ፊደል ካልተሰጣቸው የማይሠሩ አሮጌ ፕሮግራሞች አሉ። ለእነርሱ ዜድን በሰርቪሱ ቤት ውስጥ ማፕ ማድረግ ይቻላል። ታስክ ስኬጁለር ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በ«ሲስተም» ስም የሚሠራ ተግባር ተፈጥሮ፣ «ኔት ዩዝ» የተባለውን ትእዛዝ ከፎልደሩ አድራሻና ከአካውንቱ ጋር እንዲያስኬድ ይደረጋል። ያኔ በሎካል ሲስተም የሚሠሩ ሰርቪሶች ዜድን ያዩታል። ይህን የምጠቅሰው ቸግሮኝ ነው፤ ፓስወርዱ በግልጽ ተጽፎ ፋይል ውስጥ ይቀራል፣ ግንኙነቱም መሐል ላይ ሲቋረጥ በራሱ ላይመለስ ይችላል። ከዚህ የሚሻለው «ኤምኬ ሊንክ» በተባለው ትእዛዝ ሲ ድራይቭ ላይ ወደ ሙሉ አድራሻው የሚያመለክት ፎልደር መፍጠር ነው። ፕሮግራሙ የሲ ፎልደር ያገኘ ይመስለዋል፤ በእርግጥ የሚጽፈው ኔትወርኩን ተሻግሮ ነው። የማንነቱ ጥያቄ ግን በዚህም አይቀርም፤ ሰርቪሱ ፈቃድ ያለው አካውንት ያስፈልገዋል። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ለኮምፒውተሩ በሙሉ የሚታይ ማፕ የማድረጊያ ትእዛዝም አለው፤ ኮምፒውተሩ ላይ የገባ ሁሉ በዚያ ፓስወርድ ስለሚያልፍ ለመዝገብ ቢሮ አይመከርም።

አንድ ተጨማሪ ማሳሳቻ አለ። ባለሙያው ራሱ ትእዛዝ መስጫውን «እንደ አድሚኒስትሬተር አስነሣ» ብሎ ሲከፍት ዜድ ሊሰወርበት ይችላል። ሰውየው አንድ ቢሆንም ዊንዶውስ ለተራውና ለከፍተኛው ሥልጣን ሁለት የተለያዩ መግቢያዎች ይሰጠዋልና።

የስሕተት ቁጥሮቹን ማንበብ ብዙ ድካም ያድናል። ስሕተት 3 ከመጣ ሰርቪሱ ስሙን አያውቀውም፤ አሁንም ዜድ እየተባለ ነው ወይም አድራሻው ተሳስቷል። ስሕተት 5 ከመጣ በሩን አግኝቶታል፣ ግን ፈቃድ የለውም። ስሕተት 53 ሌላኛው ኮምፒውተር እንዳልተገኘ ይናገራል፤ ጠፍቶ ይሆናል ወይም ገመዱ ተነቅሏል። 1326 ስሙ ወይም ፓስወርዱ እንደማይገጥም ነው። ስሕተት 5 ላይ አድራሻውን፣ ስሕተት 3 ላይ ፈቃዱን ሲቀያይሩ መዋል ቀኑን ይበላል።

ሙከራው ደግሞ መሠራት ያለበት ባለሙያው በሌለበት ሁኔታ ነው። ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ይበራል፤ ማንም ፓስወርድ አያስገባም፤ የባክአፑ ሰዓት እስኪያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ ወደ ሌላኛው ኮምፒውተር ተሂዶ የፋይሉ ቀንና መጠን ይታያል። ፋይሉ አለ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በወር አንድ ጊዜ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ተከፍቶ የአንድ ሰው መዝገብ ሊወጣበት ይገባል።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የአነሣሥ ቅደም ተከተልም ይታሰብ። መብራት ሲመለስ ሁለቱም ኮምፒውተሮች እኩል ይነሣሉ፤ ቅጂ ተቀባዩ ዘግየት ካለ ሰርቪሱ ስሕተት 53 ይገጥመዋል። የሰርቪሱን አነሣሥ «ዘግይቶ በራሱ የሚነሣ» ወደሚለው መቀየር ሁለት ደቂቃ ያህል ያስገኛል፤ ይህም ከቪስታ ጋር የመጣ ምርጫ ነው። ባክአፑንም አንዴ ባይሳካ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንዲሞክር ማዘዝ ይቻላል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች መብራት ሲመለስ በራሳቸው እንዲነሡ የሚያደርገው ምርጫ በባዮስ ውስጥ ነው ያለው፤ እርሱ ካልበራ ሰርቪሱ ምንም ያህል በትክክል ቢዋቀር ሌሊቱን የሚያነሣው አይኖርም። አንድ ዩፒኤስ ብቻ ካለ ደግሞ መረጃ ቋቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ይሰካ፤ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢሄድ ይበልጥ የሚጎዳው እርሱ ነው።