ንግግርን የሚያክመው ሙያ፦ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ምን ይጠናበታል?

እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የቢሴትር ሆስፒታል አንድ ሕመምተኛ አረፈ። ሰውየው ከ20 ዓመት በላይ በዚያ ሲኖር የሚነገረውን በአብዛኛው ይረዳ ነበር፤ ለማንኛውም ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ግን «ታን» የምትል አንዲት ድምፅ ነበረች። ሐኪሙ ፖል ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራው የፊት ክፍል ጉዳት መኖሩን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቨርኒከ እንደ ልብ የሚናገሩ፣ ነገር ግን ንግግራቸው ትርጉም የማይሰጥና የሌላውንም ቃል በቅጡ የማይረዱ ሕመምተኞችን ገለጸ። የእነዚህ ጉዳት ያለው በግራው የጎን አንጎል የኋለኛ ክፍል ነው። ዛሬ ቋንቋ በሁለት ቦታዎች ብቻ እንደማይወሰንና ሰፊ የነርቭ መረብ እንደሚጠይቅ ይታወቃል። ያም ሆኖ መናገርና መረዳት ተለያይተው ሊታወኩ እንደሚችሉ የታወቀው ያኔ ነው።

በዚህ ዕውቀት ላይ የተገነባው የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የአሜሪካ ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1925፣ የብሪታንያው ደግሞ በ1945 ተቋቋሙ። ትምህርቱ ከሕክምና፣ ከሥነ ልሳን፣ ከሥነ ልቡናና ከፊዚክስ የተዋጣ ነው። ተማሪው የአንጎልን፣ የማንቁርትንና የሳንባን አሠራር ያጠናል፤ የድምፅ ሞገድ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚለካ ይማራል፤ ሕፃናት ቋንቋን የሚለምዱበትን ቅደም ተከተል ይከታተላል። ስታትስቲክስም አይቀርለትም።

ከእነዚህ ሁሉ የድምፅ አፈጣጠር ትምህርት ለአማርኛ ተናጋሪ የተለየ ጣዕም አለው። አንባቢ ራሱ ሊሞክረው የሚችል ቀላል ሙከራ እነሆ። ትንሽ መስታወት ከአፍንጫዎ ሥር አግድም ይያዙና «ካሳ ኳስ ይወዳል» ይበሉ፤ ከዚያም በአፍንጫዎ ሳይተነፍሱ መስታወቱን ያንሱ። በአብዛኛው ሰው ዘንድ መስታወቱ እንደጠራ ይቆያል። ቀጥለው «እማማ ምን አሉ» ቢሉ ግን በእንፋሎት ይደበዝዛል። ልዩነቱን የሚያመጣው ለስላሳው ላንቃ ነው፤ እንጥል የተንጠለጠለበት የላንቃ የኋላ ክፍል ማለት ነው። «ም»፣ «ን» እና «ኝ» ሲነገሩ ላንቃው ዝቅ ብሎ አየር በአፍንጫ እንዲያልፍ ያደርጋል። ሌሎቹ ድምፆች ሲነገሩ ግን ተነስቶ በሩን ይዘጋል።

አሁን «ጠ»ን እንመልከት። «ተ»ን ስንል የሚገፋው አየር ከሳንባ ይመጣል። «ጠ»ን ስንል ግን ምላስ ከፊት፣ የድምፅ አውታሮች ከታች በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ፤ ማንቁርት ወደ ላይ ሲነሣ በመካከል የታሰረው አየር ይታመቃል፤ ምላስ ሲለቀቅም ድምፁ ይፈነዳል። «ቀ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ጰ»ም በዚሁ መንገድ ይፈጠራሉ። እንግዲህ ላንቃው ቀዳዳ ካለው የታመቀው አየር በአፍንጫ ያመልጣል፤ ፍንዳታውም ይከሽፋል።

ላንቃው ተሰንጥቆ የሚወለድ ሕፃን የሚገጥመው ችግር ይኸው ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ላንቃው ወይም ከንፈሩ ተሰንጥቆ ይወለዳል። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ አየሩን አፉ ውስጥ ማመቅ ሲያቅተው ከቀዳዳው በታች፣ ማለትም ጉሮሮው ውስጥ፣ ማቆምን ይለምዳል። በዚህ የተነሣ «ዳቦ» ለማለት ሲሞክር «አኦ» የሚል ሊሆን ይችላል። በአገራችን እንደ የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች የሚሰጠው ቀዶ ሕክምና ክፍተቱን ይዘጋል፤ ልጁ የለመደውን አነጋገር ግን ሁልጊዜ አብሮ አያጠፋውም። ብዙ ወላጆች ቁስሉ ከዳነ በኋላ ንግግሩ በራሱ ይስተካከላል ብለው ሲጠብቁ ዓመታት ያልፋሉ፤ ልጁም ትምህርት ቤት ገብቶ መሳቂያ ይሆናል። ባለሙያው እዚህ ላይ ይገባና እያንዳንዱን ድምፅ በትክክለኛው ቦታ መፍጠርን፣ ከዚያም በቃልና በዐረፍተ ነገር ውስጥ መጠቀምን ደረጃ በደረጃ ያስተምራል። በነገራችን ላይ፣ ፊኛ ማስነፋት ንግግርን ያስተካክላል የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በጥናት አልተደገፈም፤ ንግግር የሚሻሻለው ንግግርን በመለማመድ ነው።

የባለሙያው ሥራ በዚህ አያበቃም። በስትሮክ የተጠቁ አንድ አዛውንት የጀበና ሥዕል ሲያዩ ስሙ ጠፍቶባቸው «ቡና የሚፈላበት» ሊሉ ይችላሉ። ባለሙያው «ጀ…» ብሎ የመጀመሪያዋን ፊደል ሲያቀብላቸው ቃሉ ብዙ ጊዜ ተስቦ ይመጣል። ምግብና ውኃ ወደ ሳንባ እያመለጠ የሳንባ ምች እንዳያስከትል የመዋጥ ችግርን መመርመርም የእርሱ ድርሻ ነው። መንተባተብን በተመለከተ ከሕፃናት 5 በመቶ ያህሉ በዚህ ያልፋሉ፤ አብዛኞቹ ይተዉታል፤ በአዋቂዎች ዘንድ የሚቀረው በ1 በመቶ ገደማ ነው። ለመንተባተብ የዘር ውርስና የአንጎል አሠራር ድርሻ አላቸው፤ በድንጋጤ ወይም በአስተዳደግ ጉድለት ይመጣል የሚለው እምነት መሠረት የለውም።

በአሜሪካ የሙያ ማኅበሩን ምስክርነት ለማግኘት የማስትሬት ዲግሪና 400 ሰዓት የክሊኒክ ልምምድ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 25ቱ ሰዓት የሌላውን ሥራ መመልከቻ ነው። በብሪታንያ በመጀመሪያ ዲግሪም መሥራት ይቻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ሥልጠናው ተጀምሯል።

በእኔ አስተያየት ለእኛ ተማሪዎች ትልቁ ፈተና ከውጭ የመጡትን መመዘኛዎች እንዳሉ ተርጉሞ መጠቀም አለመቻሉ ነው። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ፈተና «ጸ»ን አይጠይቅም። የሚጠብቅና የሚላላ ድምፅንም አይለይም፤ አማርኛ ግን የልደት በዓል የሆነውን «ገና» ከ«ገና አልመጣም» የሚለየው በዚሁ ነው። በአንጻሩ እንግሊዝኛ ምላስን በጥርሶች መካከል በማድረግ የሚነገሩ፣ አማርኛ የሌሉት ድምፆች አሉት። በዋሽንግተን የሚያድግ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ እነዚህን በ«ዝ» ወይም በ«ስ» ቢተካ የቋንቋው ልማድ እንጂ ሕመም አይደለም። ሁለቱን ለመለየት ባለሙያው የልጁን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ድምፆች ማወቅ ይኖርበታል፤ ለዚህም አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛን ወይም ሶማልኛን እየተናገረ ያደገ ተማሪ መነሻው በእጁ አለ።