«ባክአፕ አለን» ያልኩበት ሰኔ

ካርድ ሊሰጥ 4 ቀን ሲቀረው የሪከርድ ክፍላችን እትዬ ሮስተር ታቅፈው ኮምፒውተር ላብ ገቡ። «ቲቸር፣ ስማቸው በሀ የሚጀምር ልጆች ሁሉ ሂሳብ የደፈኑት በምን ተአምር ነው?» አሉኝ።

አየሁት። የ9ኛ ቢ የሂሳብ ውጤት ከላይ በ98 ጀምሮ እስከ ታች እየቀነሰ ይወርዳል፤ ስሞቹ ግን በፊደል ተራቸው እንደቆሙ ናቸው። አንድ መምህር ኤክሴል ላይ የውጤቱን ዓምድ ብቻ መርጦ ደርድሮታል፤ ሴቭ አድርጎም ዘግቶታል። ይህ ከሆነ 3 ሳምንት አልፏል።

እኔ አልደነገጥኩም። የትምህርት ቤቱን ኔትወርክ የምይዘው እኔ ነኝና «ባክአፕ አለን» አልኳቸው፣ ኮራ ብዬ። ሰርቨሩ ሬይድ አለው፤ አንዱ ዲስክ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ሌላውም ላይ ይጻፋል። በዚያ ላይ አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክቼ፣ በየቀኑ 11 ሰዓት ላይ ፎልደሮቹ በሮቦኮፒ እንዲገለበጡ አድርጌያለሁ። ኤክስተርናሉን ከፈትኩት። ያው የተዘበራረቀ ሮስተር! ስህተቱ በተሠራበት ቀን፣ ልክ በ11 ሰዓት፣ በትክክለኛው ላይ ተገልብጦበታል። ያዳነን መምህሩ በእጁ የጻፈው ማርክ ሊስት ነው። የሌሎቹንም ክፍሎች ካላመሳከርን ብለን ሁለት ቀን ሙሉ አምስት ሆነን ቁጥር ስንጠራ ዋልን።

ሬይድን ለመክሰስ አይደለም። አንዱ ዲስክ ሲሞት ሥራ ሳይቋረጥ ይቀጥላል፤ ጥቅሙ እሱ ነው። የተበላሸ ፋይልን ከደኅናው ግን አይለይም፤ ስታጠፋ አብሮህ ያጠፋል።

ክረምቱን ስጠይቅና ሳነብ ከረምኩ። ባለሱቆቹ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ ስንት ቴራ? እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የገባኝ ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ከስንት ጊዜ በፊት የነበረውን ፋይል ነው መመለስ የምፈልገው? በትምህርት ቤት መልሱ ረጅም ነው፤ ጥቅምት ላይ የተሠራ ስህተት የሚታየው የካቲት ላይ ነውና። ስለዚህ አዲሱ ቅጂ አሮጌውን የማይደመስስ ፕሮግራም ፈለግኩ፤ በነፃ የሚገኘውን ኡርባክአፕን መረጥኩ። በየጊዜው የሚገለብጠው የተለወጠውን ፋይል ብቻ ስለሆነ ቦታ አይበላም። አሁን የ30 ቀንና የ12 ወር ቅጂ እናስቀምጣለን። የተጫነው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ነው። ከሰርቨሩ ክፍል የተለየ ሕንፃ በመሆኑ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል።

መጀመሪያ ኔትወርኩ እንዳይጨናነቅ ብዬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲሠራ አዘዝኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ፋይል እንኳ አልገለበጠም። ለካ ጥበቃው ጋሼ ማታ ማታ የቤተ መጻሕፍቱን ቆጣሪ ያጠፋሉ! ከሳቸው ጋር ከመከራከር ሰዓቱን ወደ ምሳ አዛወርኩት።

ኤክስተርናሉም እንደ ድሮው አንዱ ብቻ ሁልጊዜ ተሰክቶ አይቀመጥም። ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ የዚህ ዓይነቱ ቫይረስ በዩኤስቢ የተሰካውን ዲስክም እንደማይምር ብዙዎች ተማሩ። ስለዚህ አሁን ሁለት ዲስክ አለን፤ ዓርብ ዓርብ እንቀያይራቸዋለን፤ ተራው ያልሆነው ከርእሰ መምህሩ ካዝና ይገባል።

«ሁሉንም ክላውድ ላይ ጫነው» ያሉኝም ነበሩ። ፋይላችን 40 ጊጋባይት ነው፤ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ያለማቋረጥ ወደ 18 ሰዓት ይፈጃል። ጉግል በነፃ የሚሰጠው ደግሞ 15 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ ከግቢ ውጭ የምንልከው ሮስተርና ትራንስክሪፕት ብቻ ነው፤ ሁለት ጊጋባይት አይሞላም። የልጆች መረጃ ስለሆነ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይሄዳል። የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ካዝናው ውስጥ ነው፤ እኔ ብታመም በኔ ጭንቅላት ውስጥ እንዳይቀር።

ይህን ሁሉ አድርጌም አልተኛሁም። ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ድርጅት አንድ ባለሙያ ሌላ ሰርቨር መስሎት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋው። የመጠባበቂያ ዘዴ አምስት ነበራቸው፤ ሲፈልጉት ግን አስተማማኝ የሆነ አንድም አልተገኘም። አንደኛው ሳይገለብጥ ቆይቷል፤ ችግሩን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ተቀባይ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። የዳኑት ከ6 ሰዓት በፊት አንድ ሠራተኛ ለሌላ ሥራ ብሎ በያዘው ቅጂ ነው፤ የእነዚያ 6 ሰዓታት መረጃ ግን ቀረ። እነሱ እንዲህ ከሆኑ እኛማ!

ስለዚህ ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አንድ ፋይል በዕጣ አውጥተን ከባክአፑ እንመልሳለን። መላሹ እኔ አይደለሁም፤ እትዬ ናቸው። መጀመሪያ «እኔ የወረቀት ሰው ነኝ» ብለው አስቸግረው ነበር፤ ቅደም ተከተሉን በአማርኛ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላቸው። ባለፈው ወር እኔ ለቅሶ ሄጄ ሳለ የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ ፈተና ከሰርቨሩ ጠፋ። እኔ ጋ አልደወሉም። ከግድግዳው እያነበቡ በ11 ደቂቃ መለሱት።