ባጃጅ ጋቢና የላትም



ስለ ባለሦስት እግሯ ተሽከርካሪ ስለ ባጃጅ የሚነገረው ሁሉ ወይ እርግማን ወይ ምስጋና ሆኖ ስላገኘሁት፣ እኔም በዓይኔ ያየሁትን በአጭሩ አመለክት ዘንድ በዓምዳችሁ ጥቂት ስፍራ እንድትፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የከሚሴ ነዋሪ የሆንኩ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ አልፎ አልፎ ወደ ጨፋ ሮቢት ይወስደኛል። አገሩ ቆላ እንደ መሆኑ የቀትሩ ፀሐይ ለእግረኛ አይራራም። ገበያተኛዋ እናት ከነዕቃዋ እግሯን ብዙም ሳታነሣ የምትገባበት፣ ሽማግሌውም ደጋፊ ሳይፈልጉ የሚወርዱበት መጓጓዣ ቢኖር ባጃጅ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ሚስት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምጥ ቢይዛት፣ ከጤና ጣቢያ ያደረሳት ከእንቅልፉ የተጠራ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ስለዚህ «ባጃጅ ይጥፋ» ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

የዚህችን ተሽከርካሪ ትውልድ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ፒያጆ የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ ከጦርነቱ በኋላ «ቬስፓ» ማለትም ተርብ የተባለችውን ሞተር ብስክሌት ሠራ፤ ቀጥሎም በፈረንጅ አቈጣጠር በ1948 ሦስተኛ ጎማ ጨምሮ «አፔ» ማለትም ንብ አላት። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ሥራውን ከፒያጆ በፈቃድ ወስዶ አስፋፋው። በእኛም አገር የኩባንያው ስም የተሽከርካሪዋ ስም ሆኖ ቀረ። ወርዷ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የተሠራችው ለአንድ ሾፌርና ከኋላው ለሚቀመጡ 3 ሰዎች ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ባለፈው በጋ አንድ ረቡዕ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ልመለስ ስል ከኋላ ሦስት ሰዎች ሞልተው አገኘሁ። ሾፌሩ ልጅ፣ ፋይል መያዜን አይቶ ይሆናል፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ጋቢና ይግቡ» አለኝ። ጋቢና ያለው ከራሱ መቀመጫ ጠርዝ ላይ በስተቀኝ የተረፈችውን አንድ ስንዝር ነው። እኛ የቢሮ ሰዎች ከፊት መቀመጥን እንደ ማዕረግ እንቈጥረዋለንና እኔም ደስ ብሎኝ ገባሁ።

በአዲስ አበባና በደሴ አውራ ጎዳና ላይ ስንሄድ አንድ አይሱዙ ከኋላችን ጡሩምባውን ነፋ። ልጁ መንገድ ሊለቅ መሪውን ወደ ቀኝ ቢያዞር የመሪው እጀታ ከጉልበቴ ጋር ተጋጨና አልዞር አለ። ጉልበቴን በድንጋጤ ስሰበስብ መሪው በአንድ ጊዜ ተለቀቀ፤ ልጁም ፍሬን ያዘ። በእኔ በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነሣ። አይሱዙው በአጠገባችን አለፈ፤ ጎማችንም ተመልሶ ወረደ። ከኋላ የነበሩት እናት ቅቤያቸው በቀሚሳቸው ላይ ፈሶ ነበር፤ የተቈጡት ግን ልጁን እንጂ እኔን አልነበረም።

ኋላ ነገሩን ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ሆነልኝ። ባለአራት እግር መኪና በአራት ማዕዘን ላይ ይቆማል፤ ባጃጅ ግን ከፊት አንዲት ጎማ ብቻ ስላላት ሰፊ መቆሚያዋ ከኋላ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው በሁለቱ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ሁሉ ወደ ጠባቡ ወደ ፊት ይሸሻል፤ በዚያው ቅጽበት መሪ ከዞረ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው ትርፍ ሰው እንግዲህ ሊቀመጥ ከማይገባው ቦታ ላይ ነው፤ በዚያም ላይ መሪውን በጉልበቱ ያስራል። ሾፌሮቹ ወጣቶች ናቸው፣ ይሮጣሉ እየተባለ ይወቀሳሉ፤ ወቀሳው ከፊሉ እውነት ነው። ዳሩ ግን የዚያን ቀን መሪውን የያዘው የእኔ ጉልበት ነበረ።

በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ የባጃጅን አገልግሎት ለጊዜው አግዶ ኋላ መልሶ እንደ ፈቀደ ይታወሳል። አዲስ አበባ አውቶቡስም ታክሲም ባቡርም አላት፤ በእኛ በኩል ባጃጅ ቢታገድ የሚቀረው የራስ እግር ነው። እኔ የምለምነው ከዚህ ያነሰ ነው። ከሾፌሩ ጎን ሰው እንዳይቀመጥ የትራፊክ ፖሊስ ይቈጣጠርልን። የኋላ መብራት የሌላት ባጃጅ ከመሸ በኋላ ወደ አውራ ጎዳና አትውጣ፤ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና በጨለማ የሚያያት ከደረሰባት ወዲያ ነውና። ትርፍ ሰው የሚጫነው ለገንዘብ እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ታሪፉ ሲወሰን በ3 ሰው ሒሳብ የሾፌሩን ዕለታዊ ወጪ የሚሸፍን ቢሆን መልካም ነው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ጨፋ ሮቢት በሄድኩበት ቀን ያው ልጅ «ጋሼ፣ ጋቢና» ብሎ ጠራኝ። ሌላ እስኪመጣ እጠብቃለሁ አልሁት። እሱም አልተከራከረኝም፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ጉልበቱን አጥፎ ከጎኑ ሲገባ ቆሜ አየሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ
ከከሚሴ