ሣር ላይ የማይገለበጥ ሲኒ

ሰመር ሲገባ የዚህ አካባቢ ሐበሻ ቡናውን ይዞ ሜዳ ይወጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለነው ስላይጎ ክሪክ ዳር እናነጥፋለን። የአሌክሳንድሪያዎቹ ፎርት ዋርድ፣ ወይም ወደ ማውንት ቨርነን በሚወስደው መንገድ ወረድ ብለው ፎርት ሃንት ፓርክ ይሄዳሉ። እንጀራው፣ ወጡ፣ ኳሱ፣ ጀበናው ሁሉ ይጫናል። ረከቦቱ ግን ብዙ ጊዜ ቤት ይቀራል፤ መኪና ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ሣር ላይ ሲያቆሙትም አንድ እግሩ ይሰምጣል። ስለዚህ ሲኒው በቀጥታ ብርድ ልብሱ ላይ ይቀመጣል። ሲኒ ደግሞ እጀታ የለውም፤ አፉ ሰፊ፣ መቀመጫው ጠባብ ነው። የሆነ ሰው እግሩን ሲያጥፍ ይገለበጣል።

ነርሲንግ ስለምማር ይህ ነገር ከሌላው ሰው ይበልጥ ሳያስጨንቀኝ አይቀርም። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ ዘልቆ ለማቃጠል አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ከጀበና በትኩሱ የሚቀዳ ቡና ከዚያ በላይ ይሞቃል። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ጊዜው ይበልጥ ያጥራል። ፒክኒክ ላይ ደግሞ ሕፃኑ የሚድህበትና ሲኒው የሚቀመጥበት ብርድ ልብስ አንድ ነው።

እዚህ አገር ብዙ የተወራለት የማክዶናልድስ ቡና ክስም ቢሆን ከማስቀመጫ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አልበከርኪ ከተማ ውስጥ የ79 ዓመቷ ስቴላ ሊቤክ በቆመ መኪና ውስጥ ኩባያውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ክዳኑን ሲከፍቱ ቡናው ፈሰሰባቸው። መኪናው የኩባያ ማስቀመጫ አልነበረውም። ስምንት ቀን ሆስፒታል ተኙ፣ የቆዳ ንቅለ ተከላም ተደረገላቸው። ሰው የሚያስታውሰው ዳኞቹ የፈረዱላቸውን ገንዘብ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን የጉልበቱ ነገር ነው።

እኛ ጋ መፍትሔው ድሮም አለ፤ ማቶት ይባላል። ስሙን የነገረችኝ አሌክሳንድሪያ ያለችው አክስቴ ናት፤ እቤታችን «ያቺ ክቧ» ነበር የምንላት። ጀበናው የሚቀመጥባት ቀለበት ናት፤ ከሣር ወይም ከጨርቅ ትጠቀለላለች፣ በዶቃ ያጌጠችም አለች። የብዙ ጀበና ቂጥ ድቡልቡል ነው። ድቡልቡል ነገር ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲያስቀምጡት መሬቱን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ማቶት ላይ ግን ዙሪያውን ይደገፋል። ልብ በሉ፣ ማቶት ጀበናውን ጨምቃ አትይዝም። ክብደቱን ተቀብላ ዙሪያዋን ታከፋፍለዋለች። መሬቱ ጎርበጥ ቢል ወይም ቢያዘቀዝቅ ጀበናው ቀለበቷ ውስጥ ዞር ብሎ ይስተካከላል። ሌላም ሥራ አላት፦ ቡናው ከእሳት ወርዶ እስኪሰክን ጀበናውን ዘንበል አድርጋ ትይዘዋለች፤ አተላው ከታች ይተኛል፣ አቦሉም ጠርቶ ይቀዳል።

ስፌት የምታውቅ እናት ያላችሁ በስንደዶና በአክርማ አሠሯት። እኔ የምሠራው በፎጣ ነው። 40 በ70 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ የእጅ ፎጣ በረጅሙ በኩል ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ከዚያ ክብ አድርጉትና ጫፎቹን ጎን ለጎን አደራርቡ። ቀዳዳው የጀበናው ሆድ ስፋት ሁለት ሦስተኛ ይሁን፤ ሆዱ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ ቀዳዳው 10 ማለት ነው። ከዚያ ከሰፋ የጀበናው ቂጥ መሬት ይነካል፣ ከጠበበ ደግሞ ጀበናው ላይዋ ተንሳፎ ይወዛወዛል። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ስፉት። የተደራረበው ጎን ወፍራም ይሆናል፤ እሱን ቡናው በሚቀዳበት በኩል አድርጉት፣ ጀበናው ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ፎጣው ንጹህ ጥጥ መሆን አለበት። ፖሊስተር ያለበት ከከሰል በወረደ ጀበና ይቀልጣል። ደረቅም ይሁን፤ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ፈጥኖ ለእጅ ያቀብላል።

ለሲኒዎቹ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ክዳኑን ገጥማችሁ ላዩ ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ክብ ቀዳዳ ብሱ። የሲኒው አፍ 7፣ መቀመጫው 3 ሳንቲሜትር ተኩል ከሆነ ቀዳዳው 5 ይሁን፤ ሲኒው እስከ ወገቡ ገብቶ ይንጠለጠላል፣ ልክ እንደ ጀበናው ዙሪያውን ይደገፋል። በቀዳዳዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ቦታ ተዉ፣ አለበለዚያ አንዱን ሲያነሱ ሌላው ይፈሳል። ካርቶኑ ቀላል ስለሆነ ውስጡ ሁለት ድንጋይ አስቀምጡ። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልታችሁ ሞክሩት፤ በእጃችሁ ገፋ፣ ዘንበል አድርጉት። ውሃው ካልፈሰሰ ለቡና ይሆናል። እንዲያም ሆኖ ከሕፃናቱ ራቅ ያለ ቦታ ምረጡለት።

ያም ሆኖ ከፈሰሰስ? የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ፣ እያፈሰሳችሁ፣ 20 ደቂቃ። ልብሱንና ቀለበቱን አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትንኩ። በረዶ የለም፣ ቅቤ የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም። (እማዬ በጥርስ ሳሙናው እስካሁን አልተስማማችም።) ቦታው ፊት፣ እጅ ወይም ብልት ከሆነ፣ ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው። ስለዚህ ቧንቧ በሌለበት ሜዳ ከመጠጥ ውሃው ሌላ ሁለት ሦስት ጋሎን መያዝ ትርፍ ነገር አይደለም።

ለቀዝቃዛ መጠጥ ብዙም መጨነቅ አያስፈልግም። ላውንደሪ የሚሰጠንን የሽቦ ልብስ መስቀያ በፒንሳ ቆርጣችሁ አቃኑ። አንዱን ጫፍ በጣሳው ወገብ አንድ ዙር አዙሩት፣ ጣሳው እንዳይወርድ ከሥሩ ጠበብ ያለ ሌላ ዙር ጨምሩ፣ የቀረውን ሽቦ 20 ሳንቲሜትር ያህል መሬት ውስጥ ውጉት። ጣሳው መሬት ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይቁም፤ ከፍ ብሎ የቆመ ሽቦ ለልጆች ዓይን ጥሩ አይደለም። የላይኛውን ጫፍ በቴፕ ጠቅልሉት። ስትሄዱ ስንት እንደተከላችሁ፣ ስንት እንደነቀላችሁ ቁጠሩ፤ ከእናንተ በኋላ እዚያ ሣር ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሰው አለ።